ለብሎኬት ሳሎን የሚቀበር ስፒከር ወይስ የሚቀመጥ?

ጥያቄው፦ ደብረ ብርሃን፣ የብሎኬት ቤት፣ ልስን ገና አልተጀመረም፣ ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር። ለፊልም ማያ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ስፒከር ይሻላል ወይስ ስታንድ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ሳጥን?

ወንድሜ፣ ለፊተኞቹ ሦስቱ (ከቴሌቪዥኑ ግራ፣ ቀኝና መሃል ለሚሆኑት) የሚቀመጠውን ግዛ። የሚቀበረው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ግድግዳህ ስለማይሆነው ነው። እሱ የተሠራው ጂፕሰም ቦርድ ለተለበጠ ግድግዳ ነው። ጠርዙ ላይ የፕላስቲክ ጆሮዎች አሉት፤ ብሎኑን ስታጠብቅ ጆሮው ዞሮ ይወጣና ቦርዱን ከጀርባ ነክሶ ይይዛል። ቦርዱ 12.5 ሚሊ ሜትር ነው። የብሎኬት ፊት ከነልስኑ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ጆሮው የሚነክሰው ነገር አያገኝም። ያኔ ሠራተኛው በሲሚንቶ ይለጥፍልሃል፤ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) የተቃጠለ ቀን ግድግዳ ልታፈርስ ነው።

ጥልቀቱም አለ። ባለ 6.5 ኢንች የሚቀበር ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ ቀዳዳው ወደ 20 በ30 ይሆናል። በ10 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ላይ ይህ ማለት ወዲያ ማዶ መውጣት ነው። በ15ም ቢሆን የብሎኬቱን የውስጥ ክፋይ መስበር ግድ ነው፤ ከጀርባ መኝታ ቤት ካለ ደግሞ የተኛው ሰው ፊልሙን አብሮህ ይሰማል። የጭቃ ቤት ያላችሁም እንዳትሞክሩት፤ ማገር መቁረጥ ግድግዳውን ያላላዋል፣ የጭዱ ብናኝም ኮኑ (የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት) ላይ ይራገፋል።

የሚቀበረው አንድ እውነተኛ ብልጫ አለው። ስታንድ ላይ ያለ ስፒከር ድምፁ ከኋላው ግድግዳ ተመልሶ ከራሱ ጋር ይጣላል። የስፒከሩ ፊት ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ከራቀ በ143 ኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ ይፈጠራል (እዚያ ያለው ድምፅ ይደክማል)፣ 30 ከሆነ ወደ 287 ይወጣል። ከግድግዳው እኩል የተቀበረው ይህ የለበትም። ይህን ብልጫ አልተውም ካልክ፣ በቴሌቪዥኑ በኩል ብቻ በ10 ሴንቲ ሜትር የብረት ፕሮፋይል ሁለተኛ ግድግዳ አቁም፤ ፕሮፋይሎቹ በ60 ሳይሆን በ40 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፣ ቦርዱ ድርብ ይሁን፣ ውስጡ በመስታወት ጥጥ ይሞላ። ከክፍሉ 12.5 ሴንቲ ሜትር ይበላብሃል። ነጠላ ቦርድ ከሆነ ራሱ እንደ ከበሮ ይርገበገባል፤ ያኔ ስፒከሩን ትወቅሳለህ።

የሚቀመጠውን ለማስቀመጥ፦ የትዊተሩ ከፍታ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር እኩል ይሁን፤ ሶፋህን ለካው፣ ብዙውን ጊዜ ከ95 እስከ 105 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። መቀመጫህ 3 ሜትር ከራቀ ግራና ቀኙ 2.6 ሜትር ይራራቁ፤ ከጎን ግድግዳ 70፣ 70 ይተርፋል። የስፒከሩ አየር ማውጫ ቀዳዳ ከኋላ ከሆነና ቦታ ከጠበበህ ስፖንጅ ወትፍበት፤ ሪሲቨሩ (ስፒከሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ማጉያ) ላይ 80 ኸርዝ ቁረጥና ከዚያ በታች ያለውን ለሳብዉፈር (ለወፍራሙ ድምፅ ብቻ ለተሠራው ስፒከር) ተወው። ግንበኛው «ግድግዳው ላይ ሳጥን ቢጤ ልተውልህና እዚያ ክተተው» ካለህ እሺ አትበል። የሚቀመጥ ስፒከር የሚስተካከለው ዙሪያው ክፍት እንደሚሆን ታስቦ ነው፤ ጎሬ ውስጥ ሲገባ ወፍራሙ ድምፅ ይገንናል፣ የሰው ንግግር ይድበሰበሳል።

ልስን ሳይጀመር ዛሬ መሠራት ያለበት የሽቦው ነገር ነው። ለኋላ ስፒከሮች ከሪሲቨሩ ቦታ ወደ ኋለኞቹ ሁለት ማዕዘኖች 25 ሚሊ ሜትር ኮንዲዩት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ቅበር፤ ከመብራት መስመር ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ውስጡም መጎተቻ ሲባጎ ይቅር። 2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ 12 ሜትር ሄዶ ሲመለስ የሚጨምረው 0.17 ኦም ገደማ ነው፣ በ8 ኦም ስፒከር ላይ አይሰማም። ልስኑ ካለቀ በኋላ ፕላስና ማይነሱን ፈትሽ፦ ሽቦውን ከሪሲቨሩ ነቅለህ በ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ንካው፤ የባትሪው ፕላስ በፕላሱ ሽቦ ላይ ሲሆን ኮኑ ወደ ውጭ መዝለል አለበት። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ሁለቱ ሲቃረኑ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ሰው ግን ስፒከሩ ደካማ ነው ብሎ ሌላ ሊገዛ ይሄዳል።

ብሎኬትና ሴራሚክ ያስተጋባሉ። አንዴ አጨብጭብ፤ ጭብጨባው እንደ ቆርቆሮ ከተንጫረረ ማንኛውም ስፒከር ይጮህብሃል። አንድ ሰው መስታወት ይዞ የጎን ግድግዳውን እየታከከ ይሂድ፤ አንተ ከሶፋው ሆነህ ስፒከሩን መስታወቱ ውስጥ ያየህበት ቦታ ላይ የመንዝ ባና ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር አርቀህ ስቀልበት። ከብል ጠብቀው እንጂ ከፋብሪካ ስፖንጅ አያንስም። የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን ስፒከር መለወጥ አያዋጣም፤ ከኮርኒሱ በላይ የመስታወት ጥጥ አንጥፍ።