«ልቀጣት ብዬ ነው» ያድናታል?

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ «አስተምራታለሁ» ብላ የእህቷን ልጅ ከገጠር አምጥታ ታሳድግ ነበር። የ9 ዓመት ልጅ ናት። ባለፈው ወር በካውያ ገመድ ተገርፋ፣ ሐኪም ሳታይ ሦስት ቀን ተኝታ ሞተች። ሴትዮዋ ታስራለች። «ብር ስለሰረቀችኝ ልቀጣት ብዬ ነው» ትላለች። ዘመዶች አባትየውን ለማስታረቅ ሽማግሌ ልከዋል። ቅጣቷ ምን ያህል ነው? ዕርቁስ ያስፈታታል? እኔም ከግድግዳ ወዲህ ሆኜ ጩኸቱን እሰማ ነበር።

መልስ፦ ነፍሷን ይማር። በዕርቁ ልጀምር፦ አያስፈታትም። ግድያ በግል አቤቱታ የሚከሰሱበት ወንጀል አይደለም፤ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። አባትየው ይቅር ቢልም ክሱ ይቀጥላል። ከልብ ተጸጽታ ካሳ መክፈሏ ቢበዛ ቅጣት ማቅለያ ይሆናት ይሆናል።

ወደ ቅጣቱ ስንመጣ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ልጅን አሠቃይቶ ለሞት ማድረስን ለብቻው የሚቀጣ አንቀጽ የለውም። አንቀጽ 576 አሳዳጊ ልጅን ሲያንገላታ ወይም ሲደበድብ እስከ 3 ወር ቀላል እስራት ይላል፤ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ከ1 ዓመት ያላነሰ። (ሦስት ወር! ይህን ሳነብ ሁሌም ይከነክነኛል።) ሞት ሲከተል ግን ጉዳዩ ወደ ግድያ አንቀጾች ይሄዳል። በቸልተኝነት ነው ከተባለ በአንቀጽ 543 መነሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። አስባ ነው ከተባለ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። ጭካኔው ልዩ ሆኖ ከተገኘ አንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስከትላል።

ጠበቃዋ 543ን ሙጥኝ እንደሚል አልጠራጠርም። ሆኖም «አስባ» ለመባል የልጅቷን ሞት መመኘቷ ግድ አይደለም። ልጅቷ ልትሞት እንደምትችል እያወቀች «የመጣው ይምጣ» ብላ ከመታች በአንቀጽ 58 ሐሳብ አለ ይባላል። ዳኛው የሚያየው ሴትዮዋ የምትለውን ብቻ አይደለም፤ በምን መታቻት? የት ላይ? ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ሐኪም ቤት አልወሰደቻትም? የአስከሬን ምርመራው ከአዲሱ ቁስል ሥር የቆየ ጠባሳ ካሳየ «አንድ ቀን ተናድጄ» የሚለው አይቆምም። ሕጉ ለአሳዳጊ የፈቀደው ተግሣጽም ከሕግ የማይቃረነውን ብቻ ነው፤ በገመድ መግረፍ እዚያ ውስጥ አይገባም።

እርስዎ ምስክር ነዎት። እስኪጠሩ አይጠብቁ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃልዎን ይስጡ። ከዚያ በፊት ጩኸቱን የሰሙባቸውን ቀናትና ሰዓታት በወረቀት ያስፍሩ፤ ችሎት ላይ ተከላካይ ጠበቃው አጥብቆ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።