ትንሽ ትምህርት ቤት ለመምራት ለምትዘጋጁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ራሱን ችሎ በቆመ አንድ አነስተኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አስቀድሞ በመምህርነት፣ ኋላም በርእሰ መምህርነት ረጅም ዘመን አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ለመምራት የምታስቡ ወጣቶች ስታገኙኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ተልዕኮን እንዴት መጻፍ እንደሚገባ ነው። መጻፉ ቀላል ነው፤ ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ጭንቁ የሚመጣው የጻፋችሁት ቃል፣ ገንዘብ ሲጎድልና ሰው ሲጫናችሁ፣ ምን ምን እምቢ እንድትሉ እንደሚያስገድዳችሁ ስትረዱ ነው። እኔ የአንድን ትምህርት ቤት ተልዕኮ ለማወቅ ስፈልግ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አላነብም፤ ባለፈው ዓመት ምን እንደከለከላችሁ እጠይቃለሁ።

ትንሽ ትምህርት ቤት የራሱ የሆነ ክፉ ሒሳብ አለው። 120 ተማሪዎች ካሉበት ቤት አሥር ልጆች ቢለቁ ከክፍያው ገቢ 8 በመቶ ያህሉ ይጎድላል። ወጪው ግን አብሮ አይወርድም፤ ልጆቹ የሚለቁት ከየክፍሉ አንድ ሁለት እየሆኑ ስለሆነ መምህሩም፣ ክፍሉም፣ መብራቱም እንደነበሩ ይቀጥላሉ፤ ትልቁ ወጪ ደግሞ ደመወዝ ነው። በዚህ ምክንያት የአንድ ወላጅ ኩርፊያ በጀት ላይ ይታያል። ወላጆችም ይህን አሳምረው ያውቁታል።

አንድ ዓመት ምዝገባው ክፉኛ ቀነሰብን። የተልዕኮ ጽሑፋችን እያንዳንዱን ልጅ በስሙና በአቅሙ እናውቃለን ይል ነበር፤ ቃላችንን ለመጠበቅም በአንድ ክፍል ከ20 ልጅ በላይ ላለመቀበል ተስማምተን ነበር። በዚያ ዓመት ለሁለተኛ ክፍል ብዙ አመልካች ሲመጣ፣ ለሌሎቹ ክፍሎች የመጣው በጣት የሚቆጠር ነበር። እኔም የሌሎቹን ጉድለት በሁለተኛ ክፍል ለመሸፈን ብዬ 27 ልጆች መዘገብሁ። መምህርቷ አላጉረመረመችም፤ ዝም ብላ ሰባት ወንበር አስገባች። በሁለተኛው ወር እንደ ልማዴ የተማሪዎችን ደብተር ስመለከት፣ ቀድሞ ከእያንዳንዱ ሥራ ግርጌ አንድ ሁለት መስመር ትጽፍ የነበረች ሴት፣ ገጽ በገጽ ራይትና ኤክስ ብቻ እያደረገች ማለፏን አየሁ። የአንዱ ልጅ ደብተር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። 52 ሲቀነስ 37 ብሎ 25 ጽፏል፤ በየቤቱ ትንሹን አኃዝ ከትልቁ እየቀነሰ፣ መበደር የሚባለውን ነገር ጨርሶ ሳያውቅ፣ አምስቱንም ጥያቄ በአንድ ዓይነት ስሕተት ሠርቷቸዋል። አምስት ቀይ ኤክስ ተደርጎባቸዋል። ልጁ የት ላይ እንደሳተ የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ጊዜውን ከመምህርቷ የወሰድሁት እኔ ነበርሁና ልወቅሳት አልቻልሁም።

ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር ያዝሁ። እምቢ ያልሁትን፣ የጠየቀውን ሰው፣ ምክንያቴንና ያስከፈለንን ሁሉ እጽፍበት ጀመር። ለምሳሌ አንድ የቦርድ አባል ልጁ ከምትማርበት ክፍል ወደ ሌላው እንድትዛወርለት ጠየቀኝ፤ ለሌላ ወላጅ የማላደርገውን ለእርሱ እንደማላደርግ ስነግረው፣ ለቤተ መጻሕፍታችን ቃል የገባውን ገንዘብ አስቀረ። መጽሐፎቹ ሁለት ዓመት በካርቶን ውስጥ ቆዩ። የቦርድ ሥራ አቅጣጫ መስጠት፣ በጀት ማጽደቅ፣ ርእሰ መምህሩን መሾምና መመዘን ነው፤ የክፍል ድልድል የርእሰ መምህሩ ነው። በትንሽ ትምህርት ቤት ግን የቦርዱ አባል ወላጅም ስለሆነ፣ ሰውዬው በየትኛው ባርኔጣው እንደሚናገር አንዳንዴ ራሱም አያውቀውም። ሳያፍርና ሳይቀየም እንዲለየው መርዳት የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ይህን በዚያ ቀን በደንብ አልተወጣሁትም።

ጥሩ የማስተማር ሐሳብ ብቻውን ትምህርት ቤት አያቆምም። አሜሪካዊው ፈላስፋና የትምህርት ሊቅ ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1896 ቺካጎ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ሥር የከፈተው ትምህርት ቤት በ16 ልጆችና በሁለት መምህራን ጀመረ፤ ልጆቹ ምግብ እያበሰሉ፣ እየሸመኑና እንጨት እየሠሩ ሒሳብና ሳይንስ ይማሩ ነበር። ዱዊ ግን በ1904 ለቆ ሄደ። ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ ከሌላ ጋር ከተዋሐደ በኋላ፣ ርእሰ መምህርት በነበረችው በባለቤቱ በአሊስ ሹመት ላይ ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጋር አለመግባባቱ ነበር። ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ፤ መሥራቹን ያስወጣው ማን ይሾማል፣ ለምን ያህል ጊዜስ የሚለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመን ከተማ በሽቱትጋርት ለአንድ የሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች የተከፈተውና በፋብሪካው ስም የተጠራው የመጀመሪያው የዋልዶርፍ ትምህርት ቤት ደግሞ ያለ ርእሰ መምህር፣ በመምህራን ጉባኤ እንዲመራ ተደርጎ ነበር። የትኛው ይሻላል ብዬ አልፈርድላችሁም፤ ማን እንደሚሾምና ማን እንደሚወስን ግን ሁሉም ሰው በሚዋደድበት በመጀመሪያው ዓመት በጽሑፍ አስቀምጡት እላለሁ።

ስለ ዕለት ሥራችሁ ብዙ አልልም። ጠዋት በር ላይ ቁሙ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ራሳችሁ አስተምሩ፤ ማስተማር ያቆመ ርእሰ መምህር መምህራንን የሚጠይቀው ነገር ቀስ በቀስ ከእውነት እየራቀ ይሄዳል። መምህር ስትቀጥሩም ከማስረጃው ይልቅ፣ ልጅ ሲሳሳት የምታደርገውን እዩ። የተሳሳተ የሒሳብ ሥራ ስጧትና ልጁ ምን አስቦ ነው እንዲህ ያደረገው ብላችሁ ጠይቋት። እኔ ከዚያ ልጅ ደብተር በኋላ ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ማንንም አልቀጠርሁም።

ሥራዬን ያስረከብሁ ዕለት ለተተኪዬ ከቁልፎቹ ጋር የእምቢታ ደብተሬን ሰጠኋት። ቆማ ማገላበጥ ጀመረች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ 27 የሚል ቁጥር ብቻ፣ ያለ ማብራሪያ፣ ተጽፎ ነበርና ምንድን ነው አለችኝ። ወንበር ሳብሁላትና ነገርኋት።