መልስ፦ ቀይ ሥሬ ቅጠል ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ድሬዳዋ ጓሮሽ ላይ እርጥብ የፍየል ፍግ በብዛት ጨምረሽ ቀይ ሥር ዘርተሽ፣ ቅጠሉ አምሮ ሥሩ ግን ቀጥኖ እንደቀረብሽ ጽፈሻል። ፍጉ አንዱ ምክንያት ነው፤ ናይትሮጅን ሲበዛበት ተክሉ ወደ ቅጠል ያደላል። በደንብ የበሰበሰውን፣ ያውም በልኩ ተጠቀሚ።

እኔ ግን የበለጠ የምጠረጥረው መጠጋጋቱን ነው። ያ ሸካራ እንክብል አንድ ዘር ይመስላል እንጂ ውስጡ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ዘር አለው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ቡቃያ ተጣብቆ ይወጣል፣ ይሻማል። ጣት ያህል ሲያድግ ጠንካራውን አስቀሪና ሌላውን በመቀስ ከአፈሩ ላይ ቁረጪ፤ ከነቀልሽው የቀረውንም ሥሩን ታናጊበታለሽ። በመካከላቸው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይኑር። የቆረጥሽውን አትጣይው፣ እንደ ቆስጣ ይሠራል፤ ዘመዱም ነው።

ሙቀቱንም አትርሺ። ሐረር ደጋማ ስለሆነች ይመቸዋል፤ ድሬ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ስለዚህ ጥቅምት ላይ ብትዘሪው ቀዝቀዝ ባሉት ወራት ያድግልሻል። ውኃውን አታቆራርጪበት፣ ደርቆ ድንገት ሲጠጣ ሥሩ ይሰነጠቃል። ቡጢ ከማከሉ በፊት ንቀይው፣ ከዚያ በኋላ እንጨት እንጨት ይላል።