አምስት ሰው፣ አንድ ቪትዝ፣ ሁለት ቀን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ አምስት ጓደኛሞች ነን። ሳን ፍራንሲስኮ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቿ ጋር ከተማውን ሲዞሩ የተነሡትን ፎቶ ላከችልኝ። ቀጥ ያለ ዳገት፣ ከዳገቱ ሥር ባሕር፣ ባሕሩ ላይ ጉም። ምሳ ሰዓት ላይ ለጓደኞቼ ሳሳያቸው «እኛስ?» ተባባልን። ባሕር ባይኖረንም ውሃና ኮረብታ ያለው ከተማ አናጣም ብለን ሐዋሳን መረጥን። ቅዳሜ ጠዋት ወጥተን እሁድ ማታ እንመለሳለን። በዚያው ባቱን፣ ላንጋኖን፣ ሻላንና ወንዶ ገነትንም ለማየት አስበናል። መኪናው የአንዷ ጓደኛችን ቪትዝ ነው። ጉዞው ሳይጀመር በነዳጁ ተጨቃጨቅን። «ባለመኪናዋም እንደ እኛው ታዋጣ» የሚሉ አሉ። ምን ይመክሩናል?
ኤ.፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ እንደምን አለሽ ልጄ? ደብዳቤሽን ያነበብኩት አራት ኪሎ ቡና እየጠጣሁ ነው። ዕቅዳችሁ ላይ ስደርስ ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ባቱ፣ ላንጋኖ፣ ሻላ፣ ወንዶ ገነት፣ ሐዋሳ! በሁለት ቀን! ደብዳቤ ልታድሉ ነው እንዴ?

ጡረታ እስክወጣ 22 ዓመት ለአስጎብኚ ድርጅት መሪ ጨብጫለሁ። የሐዋሳን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት ቆጥሬው አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ፤ እንግዶች የሚጣሉት ሦስተኛው ሐይቅ ላይ ሲደርሱ ነው። አንዱ እንቅልፉ መጥቷል፣ አንዷ ሽንት ቤት ትፈልጋለች፣ ፎቶ የሚያነሣው አልጠገበም። ሹፌሩ እንዴት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ አራቱን ሰርዟቸው። ላንጋኖ የትም አይሄድም፣ ለብቻው አንድ ቅዳሜና እሁድ ይገባዋል።

ባሕር ካነሣሽ አይቀር፣ እኔ በወጣትነቴ ከአስመራ ምጽዋ ወርጃለሁ። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥተሽ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወርጂ ባሕሩ ጋ ነሽ። ጠዋት ጋቢ፣ ምሳ ሰዓት ካናቴራ። ሐዋሳ ላይ እንዲህ ያለ ቁልቁለት አትጠብቂ። እንዲያውም ከተማው ሜዳ ነው። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ፣ ብስክሌትና ባጃጅ የሞላበት። ኮረብታዎቹ ጥግ ጥጉን ነው የቆሙት። አላሙራ በደቡብ በኩል፣ ታቦር ደግሞ ሐይቁ አጠገብ። ለእናንተ ታቦር ይበቃችኋል።

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልስና ከተማ ውስጥ የምትሽከረከሩት ሲደመር 600 ያዙት። ከቤት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ውጡ። «12 ሰዓት መስቀል አደባባይ እንገናኝ» ካላችሁ አንዱ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ቃሊቲ ደግሞ እናንተን አይጠብቅም። ቱሉ ዲምቱ ላይ የአዳማው ፈጣን መንገድ ውስጥ ትገባላችሁ። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ነው። ስትገቡ ካርድ፣ ስትወጡ ክፍያ። እስከ 120 መንዳት ይፈቀዳል። የተፈቀደ ሁሉ ግን ለቪትዝ አይደለም። አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭናችሁ 90 ከሄደች አመስግኗት። ከሞጆ እስከ ባቱም አዲሱን የፍጥነት መንገድ ያዙ፣ ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ትርምስ ትሄዳላችሁ።

ጨዋታው ከባቱ በኋላ ይቀየራል። አሮጌው መንገድ ላይ ስትገቡ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ፣ ከጎን ፍየል፣ ከፊታችሁ የአህያ ጋሪ። እዚህ ላይ ደርቦ ማለፍ የለመደ ሰው ይንዳ። አርሲ ነገሌ ደግሞ በአረቄው የታወቀ ነው፣ አንዱ ጓደኛችሁ «ለቤት አንድ ጠርሙስ» ማለቱ አይቀርም። ይግዛ። ጠርሙሱ ግን ኮፈኑ ውስጥ ሻንጣ ሥር ይግባና አዲስ አበባ ይከፈት። ሻሸመኔ ላይ ይጨናነቃል፣ ትዕግሥት። ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ጥቁር ውሃ ጋ ሐዋሳ ትቀበላችኋለች።

የመኪናዋን ነገር ባለመኪናዋ ላይ አትጣሉት። ዓርብ ማታ ሁለታችሁ አብራችኋት ጎሚስታ ጋ ሂዱ። የአራቱን ጎማ ንፋስ ብቻ አስለክታችሁ እንዳትመለሱ፣ የስኮርታውንም አስለኩ። እኔ አንድ ጊዜ ቡልቡላ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ ስኮርታውን ባወጣው እንደ እንጀራ ተኝቷል። አራት እንግዶች ፀሐይ ላይ ቆመው ሲያዩኝ የተሰማኝን ሐፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ክሪክ መኖሩን፣ ቦሎው ጊዜው አለማለፉን፣ ሦስተኛ ወገኑንም እዩ። ነዳጅ እዚሁ ሞልታችሁ ውጡ። ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ አንድ ስልክ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ፣ ባትሪ ያልቃል፣ ኔትወርክ ይጠፋል።

አሁን ወደ ጭቅጭቃችሁ። ባለመኪናዋ ለነዳጅ አታዋጣም። አለቀ። ጎማው የሚያልቀው የእሷ ነው፣ ዘይቱን የምትቀይረው እሷ ናት፣ ሰኞ ጠዋት ፍሬኑ ቢጮህ ጋራዥ የምትሰለፈው እሷ ናት። አራታችሁ ነዳጁንና የመንገድ ክፍያውን ተካፈሉ። መኝታና ምግብ ላይ ግን አምስታችሁም እኩል። ገንዘቡን ዓርብ ሰብስባችሁ ለአንድ ሰው ስጡት፣ እሱ ብቻ ይክፈል። ያለበለዚያ እያንዳንዱ ምግብ ቤት ውስጥ «እኔ ነኝ የምከፍለው፣ በሞቴ!» እየተባለ ይታገላል፣ ማታ ደግሞ «እኔ ብቻ ከፈልኩ» ይመጣል። ሁለቱንም አይቻለሁ። የሁለተኛው ቂም ይከርማል።

መኝታ አስቀድማችሁ ያዙ። ቀኑንም እዩ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነው፣ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ለጉድ ነው። አንድ ታኅሣሥ ክፍል አስይዤ እንግዶች ይዤ ብደርስ ክፍላችን ለሌላ ተሰጥቷል። እንግዳ ተቀባዩ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረና «እኔ እኮ ተረኛ አልነበርኩም» አለኝ። የሆቴሉን ስም ልተወው። እንግዶቹን በመከራ አንድ ቤት አስገብቼ እኔ መኪና ውስጥ አደርኩ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም አለ፣ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው። ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ላይ ሲከበር ማየት ዕድል ነው። ቀኑን የሚያውጁት ኮከብ የሚያዩት አዋቂዎች ስለሆኑ የዘንድሮው መቼ እንደሚውል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቅዳሜ 5 ሰዓት ግድም ትደርሳላችሁ። ብሉ፣ ተኙ። አዎ፣ ተኙ። የነዳችው ልጅ በተለይ። ከዚያ 10 ሰዓት ላይ ታቦርን ውጡት። እንደ ጉልበታችሁ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ነው። ጫማ ይኑራችሁ፣ ውሃ ያዙ፣ የሠፈሩ ልጅ «ልምራችሁ» ካላችሁ ዋጋውን እታች ጨርሳችሁ አብሯችሁ ይውጣ። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ላይ ስትደርሱ ቤቱ ሁሉ በአንድ ወገን፣ ውሃው በሌላው ወገን ነው። ፀሐይዋ የምትገባው በውሃው በኩል ነው። ያ ሁሉ ውሃ፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ሲገባበት እንጂ ወንዝ ሲወጣለት አይታይም። እንዲያም ሆኖ ጨው አልሆነም። በመሬት ውስጥ ይሰርጋል ይላሉ። እኔ ይሄን ለእንግዶች በነገርኩ ቁጥር አንዱ «ታዲያ የት ይሄዳል?» ይለኛል፣ እኔም በእጄ ወደ መሬት አሳየዋለሁ። ሳይጨልም ውረዱ። የቁልቁለቱ ጠጠር በስልክ መብራት አይታመንም።

ማታ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በእግር ዙሩ። ስለ እሱ ብዙ አልልም፣ ስሙ ራሱ ይናገራል።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሁኑ። እኔን ብትጠይቂኝ ለዚህ ጠዋት ሲባል 275 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ጀልባዎቹ ሌሊት ያደረውን መረብ ይዘው ይገባሉ። ሴቶቹ ምድጃ ያቀጣጥላሉ። ከኋላ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች፣ አንገታቸው የተመለጠ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው የቆሙ የሚመስሉ፣ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ዓሣ የሚያጸዳውን ጎረምሳ ቆማችሁ እዩት። ቆሮሶውን በግራ እጁ ጨምቆ ይይዛል። ከጭንቅላቱ ሥር አንድ ጊዜ፣ ጀርባው ላይ አንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። ከዚያ ቆዳውን ጫፉን ይዞ እንደ ካልሲ ይገፍፈዋል። ሥጋው ሳህን ላይ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ቀድሞ ወደ ኋላ በርሯል፣ አንዱ አባ ኮዳ ሳያኝክ ይውጠዋል። ይሄ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይሞላም። እሱ ግን ከጓደኛው ጋር ስለ ኳስ እያወራ ነው፣ ቢላውን አያየውም።

ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ አሉ። እኔ የተጠበሰውን እመርጣለሁ፣ ከሾርባው ጋር። ጾም ላይ ከወደቀባችሁ «ዓሣ ይበላል፣ አይበላም» የሚለውን ክርክር አዲስ አበባ ጨርሳችሁት ሂዱ። እዚያ ሽታው ላይ ቆማችሁ አትጨርሱትም። ከበላችሁ በኋላ በጀልባ ጉማሬ ማየት ይቻላል፣ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፣ «ደርሶ መልስ ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። ባለጀልባው «ቀረብ ልበል?» ሲላችሁ «አይ፣ ይበቃናል» በሉት።

እሁድ 7 ሰዓት ሲሆን መኪና ውስጥ። ከዚያ በላይ ከቆያችሁ ፈጣኑን መንገድ ሳትይዙ ይመሽባችኋል። ጋሪ የኋላ መብራት የለውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛም በቅርቡ ሐዋሳ እንሄዳለን። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይቻላል? ጓደኛዬ «የአካባቢው ልጆች ይዋኙ የለ?» ይለኛል።
ሀ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ይዋኛሉ፣ በቢልሃርዚያም ይታመማሉ። ሐይቁ ውስጥ አለ። ዳር ዳሩን፣ ሣሩ ውስጥ እግር መንከርም ቢሆን ይቅርባችሁ። መዋኘት ካማራችሁ ገንዳ ያለው ሆቴል ያዙ። ማታ ደግሞ ወባ ስላለ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ። ጓደኛህ እኔንም እንዲህ ብሎ ሞግቶኝ ቢሆን «አንተ ቅደም» እለው ነበር።

ጥያቄ፦ የ63 ዓመት እናቴን ሐዋሳ ልወስዳት ነው። ጉልበቷን ያማታል። እሷ ግን ታቦርን ካልወጣሁ ብላለች። ምን ላድርግ?
መ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የእኔም ጉልበት ከእሳቸው አይሻልም፣ ስለዚህ በልምድ ነው የምነግርህ። መውጣቱን ይችሉታል። መውረዱ ነው የሚገድለው። የመጀመሪያውን ዳገት ያህል አብራችሁ ሂዱና ሐይቁ ሲታይ «እዚህ ጋ ፎቶ ላንሣሽ» በላቸው። ፎቶው ካማረ እዚያው ይረካሉ። ካልሆነ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ከምታፈላ ሴት አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጣቸውና አንተ ውጣና ና። ስትመለስ ግን ቶሎ «እንሂድ» እንዳትላቸው። ሁለተኛውን ስኒ ጠጥተው ሴትዮዋ ከየት እንደተወለደች መጠየቅ ጀምረው ይሆናል።