ከ4.99 ዶላር እጃችን የሚገባው ስንት ነው?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ለሚያድጉ ሕፃናት ፊደል የሚያስተምር መተግበሪያ በአፕ ስቶር በወር 4.99 ዶላር እንሸጣለን። አፕል 30 በመቶ ይቆርጥብናል። ማስቀነስ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን ካላመለከታችሁ አይቀነስም። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኮሚሽኑ ተነሥቶ የሚደርሳቸው ዓመታዊ ገቢ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ አዘጋጆች 15 በመቶ ብቻ ይከፍላሉ። ብዙዎች ቅናሹ በራሱ የሚመጣ ይመስላቸውና ገንዘባቸውን ያጣሉ። የአፕል መለያው ባለቤት ራሱ ገብቶ በአፕል የአነስተኛ ንግዶች ፕሮግራም (App Store Small Business Program) ይመዝገብ፤ ተያያዥ መለያዎች ካሉትም ያሳውቅ። ያኔ ከአንድ ደንበኛ የሚደርሳችሁ ከ3.49 ወደ 4.24 ዶላር ከፍ ይላል። ሳትመዘገቡም ቢሆን፣ አንድ ዓመት ሙሉ የከፈለ ደንበኛ ላይ ቅነሳው ወደ 15 በመቶ ይወርዳል።

የጨዋታ አዘጋጁ ኤፒክ ጌምስ በአፕል ላይ ባቀረበው ክስ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 ከሰጠው ትእዛዝ ወዲህ፣ በአሜሪካው አፕ ስቶር ወደ ድረ ገጻችሁ የሚወስድ የክፍያ ሊንክ ማስገባትም ይፈቀዳል። እዚህ ላይ ግን ሒሳቡን በደንብ ሥሩት። እዚያ የተለመደው የካርድ ክፍያ 2.9 በመቶ ሲደመር 30 ሳንቲም ነው፤ ከ4.99 ዶላር ላይ 45 ሳንቲም ገደማ፣ ማለትም 9 በመቶ ይወስዳል። በዓመት አንዴ 49.99 ብታስከፍሉ ወደ 3.5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በድረ ገጹ ዓመታዊውን ብቻ ሽጡ። የሽያጭ ታክሱን መሰብሰብና ገንዘብ መመለስ ግን የእናንተ ሥራ ይሆናል።