መልስ፦ ሁለት የሆድ ሕመም ስሞች፣ አንድ ታማሚ

አንዱ ሐኪም ፈንክሽናል ዲስፔፕሲያ (በምርመራ ቁስል የማይገኝበት የጨጓራ ሕመም)፣ ሌላው አይቢኤስ (የአንጀት ሥራ መታወክ) ስላሉዎት «የትኛውን ልመን?» ብለዋል፤ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ጥቂት በልቶ ወዲያው መጥገብና ከእምብርት በላይ ማቃጠል የመጀመሪያው መገለጫ ሲሆን፣ ከሰገራ መውጣት ጋር የተያያዘ ቁርጠት ከድርቀት ወይም ከተቅማጥ ጋር ሲመጣ ደግሞ የሁለተኛው ነው፤ በአንድ ሰው ላይ አብረው መታየታቸውም የተለመደ ነው።

ኢንዶስኮፒው (ካሜራ ባለው ቱቦ የተደረገልዎ የውስጥ ምርመራ) ምንም አለማሳየቱ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ችግሩ ሆድና አንጎል በነርቭ በሚለዋወጡት መልእክት ላይ ስለሆነ፣ ሌላው ሰው ልብ የማይለው የአንጀት መወጠር ለእርስዎ ሕመም ሆኖ ይሰማዎታል። ሁለቱ ሲደራረቡ ምልክቶቹ ይበረታሉ፤ ጭንቀትና ድባቴም ይበልጥ ይታያሉ። ስለዚህ «ከቤት መውጣት ፈራሁ» ያሉት የሕመሙ አካል ነው፤ በእኔ እምነት ለሐኪም ከቃሩ ቀድሞ ሊነገር ይገባዋል።

በቀጣዩ ቀጠሮ የላይኛውንም የታችኛውንም ምልክት ለአንድ ሐኪም አቅርበው፣ ኑሮዎን ይበልጥ የሚያውከው የትኛው እንደሆነ ይንገሩ፤ ሕክምናው ከዚያ ሊጀመር ይችላል። በአነስተኛ መጠን የድባቴ መድኃኒት ቢታዘዝልዎ የሆድ ሕመም ስሜትንም ስለሚያበርድ ነውና ሕመምዎ እንደተናቀ አይቁጠሩት።

ከልምድ የማስጠነቅቅዎ፣ ለጨጓራው አንዱን ለአንጀቱ ሌላውን ምግብ በራስዎ ውሳኔ እየተዉ እንዳይሄዱ ነው። እንዲህ ያደረጉ ታማሚዎች እጅግ ሲከሱ አይቻለሁ፤ ያኔ ክብደቱ የቀነሰው ከምግብ ማነስ ይሁን ከሌላ ከባድ በሽታ ለመለየት ሐኪሙ ይቸገራል። ሰገራ ላይ ደም ካዩ፣ መዋጥ ካስቸገረዎ ወይም የደም ማነስ ከተገኘብዎ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።