ረቂቅ አዋጅ «ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ» ሲባል ክርክሩ የት ይሄዳል?

ሰላም ወንድሜ። «ዜና ላይ ሁሌ ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ ይሉናል፤ ታዲያ ክርክሩ የት ነው?» ብለሃል። ዋናው ሥራ ያለው እዚያው ኮሚቴው ዘንድ ነው።

በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ረቂቁ መጀመሪያ ሲቀርብ አባላቱ በአጠቃላይ ይዘቱ ላይ ይነጋገራሉ እንጂ አንቀጽ በአንቀጽ አይፈትሹትም። ከ500 በላይ መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ይህ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ረቂቁን ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ጠርቶ ማብራሪያ ይጠይቃል። የሕዝብ ውይይትም ይጠራል።

እኔ አንዴ እንዲህ ያለ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል የተከራከርነው «ይችላል» እና «አለበት» በሚሉ ሁለት ቃላት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን «ባለሥልጣኑ ምክንያቱን በጽሑፍ ሊገልጽ ይችላል» ከተባለ፣ ባይገልጽልህም ማንም አይጠይቀውም። «መግለጽ አለበት» ከተባለ ግን ሕጉን ይዘህ ትሞግተዋለህ። የአንድ ሰው መብት እንዲህ ባለች ቃል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ውይይት ሲጠራ እባካችሁ ሂዱ እያልኩ የምወተውተው ለዚህ ነው።

ከዚያ ኮሚቴው ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ምክር ቤቱ ተወያይቶ ድምፅ ይሰጣል፤ ለምልዓተ ጉባኤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው። የጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 መሠረት በ15 ቀን ውስጥ ባይፈረም እንኳ ሥራ ላይ ይውላል።